ሥጋና እህል፦ የረጅም ዘመን ክርክርና የቫይታሚን ቢ12 ታሪክ

ሥጋ መብላት ለሰው ልጅ ጤና ይበጃል ወይስ ይጎዳል? በእህልና በአትክልት ብቻ መኖርስ ይቻላል? ይህ ጥያቄ ከዘመናዊው ሕክምና በዕድሜ ይበልጣል። ፈላስፎች፣ የሃይማኖት ሰባኪዎች፣ የኬሚስትሪ ሊቃውንትና ሐኪሞች በየዘመናቸው ተከራክረውበታል፤ ዛሬም በምርመራ ክፍል ታካሚዎች ለጤና ባለሙያ ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች አንዱ ነው። የክርክሩን ታሪክ መለስ ብሎ ለሚመረምር ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ሁለቱም ወገኖች በየተራ ያሸነፉ መስሏቸው ነበር። ሁለቱንም ያረማቸው ግን እንስሳም ሆነ ተክል የማይሠራው፣ ለአንድ ቀን የሚያስፈልገው መጠንም በዓይን የማይታይ አንድ ንጥረ ነገር ነው። ይህ ጽሑፍ የዚህን ንጥረ ነገር ታሪክ ተከትሎ ክርክሩን ይቃኛል። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክርክሩ ከሐኪሞች በፊት

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የግሪክ ፈላስፋ ፓይታጎረስ ከሥጋ መከልከልን በማስተማር ስሙ ስለሚነሳ፣ በአውሮፓ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሥጋ የሌለበት አመጋገብ በእርሱ ስም ይጠራ ነበር። ዘመናዊው እንቅስቃሴ በማኅበር ደረጃ የተደራጀው በ1847 በእንግሊዝ አገር ራምስጌት በተባለች ከተማ ነው። ከመሥራቾቹ መካከል ብዙዎቹ ዊሊያም ካውሀርድ የተባለ ሰባኪ በ1809 በሳልፎርድ ከመሠረተውና አባላቱን ከሥጋ ከሚከለክለው ቤተ ክርስቲያን የመጡ ነበሩ። በአሜሪካም የዚህ ትምህርት ዋና አስፋፊ የነበረው ሲልቬስተር ግራሃም ሐኪም ሳይሆን የፕሮቴስታንት ሰባኪ ነበር። ግራሃም ሥጋና ቅመም የሥጋ ፍትወትን ያነሣሣሉ፣ ከዚያም ደዌን ያስከትላሉ ብሎ ያምን ስለነበር ካልተነፋ ዱቄት የሚጋገር ዳቦ፣ ፍራፍሬና ውኃ ይበቃል ብሎ ሰበከ። በ1850 በኒው ዮርክ የተቋቋመው የአሜሪካ ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ዊሊያም አልኮት ግን ሐኪም ነበር።

የእነዚህ ሰዎች መነሻ የሥነ ምግባርና የእምነት እንጂ የላቦራቶሪ ውጤት አልነበረም። የኋላ ኋላ ትክክለኛነታቸው የተረጋገጠ አንዳንድ ምክሮችን መስጠታቸው እውነት ነው፤ ካልተነፋ ዱቄት የሚጋገር ዳቦ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሆኖም ምክሩ ትክክል መሆኑ ብቻውን ምክንያቱን ትክክል አያደርገውም። ይህ ጉድለት በተቃራኒው ወገንም ሳይውል ሳያድር ታየ።

የፕሮቲን ክብር

ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1842 ባሳተመው መጽሐፍ የጡንቻ ኃይል የሚገኘው ከፕሮቲን መቃጠል ነው ሲል አስተማረ። ከዚህም ብርቱ ሥራ የሚሠራ ሰው ብዙ ሥጋ መብላት አለበት የሚል መደምደሚያ ተከተለ። በ1865 በሊቢግ ስም የተቋቋመ ኩባንያ በኡራጓይ፣ ፍራይ ቤንቶስ በተባለ ቦታ የሥጋ ጭማቂ እያመረተ ለአውሮፓ ገበያ ያቀርብ ጀመር፤ ጭማቂው ግን አብዛኛውን የሥጋ ፕሮቲን ያልያዘ ነበር።

በዚያው ዓመት በዙሪክ የነበሩት አዶልፍ ፊክና ዮሐንስ ቪስሊሴኑስ የሊቢግን ትምህርት በራሳቸው አካል ፈተኑት። ፕሮቲን የሌለበት ምግብ ብቻ እየበሉ ፋውልሆርን የተባለውን የስዊዘርላንድ ተራራ 2,000 ሜትር ገደማ ሽቅብ ወጡ፤ ሽንታቸውንም አጠራቅመው በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ለኩ። በሰውነታቸው ውስጥ የተቃጠለው ፕሮቲን ተራራውን ለመውጣት ያስፈለገውን ኃይል ሊሰጥ እንደማይችል ስሌቱ አሳየ። ጡንቻ በዋናነት የሚሠራው በሌላ ነዳጅ፣ ማለትም በካርቦሃይድሬትና በስብ መሆኑ ታወቀ።

ያም ሆኖ የሥጋ ክብር ወዲያው አልተነካም። የሙኒኩ ካርል ፎይት ለአንድ ሠራተኛ በቀን 118 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል ሲል ያወጣው መለኪያ ለብዙ ዓመታት እንደ ሕግ ተቆጠረ። በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ራስል ቺተንደን ከራሱ ጀምሮ በመምህራን፣ በወታደሮችና በተማሪ ስፖርተኞች ላይ ለወራት ባደረገውና በ1904 ባሳተመው ጥናት፣ የዚህ ግማሽ ያህል ፕሮቲን ጤናን ጠብቆ ለመኖር እንደሚበቃ አሳየ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ የዴንማርክ መንግሥት የምግብ አማካሪ የነበረው ሐኪም ሚከል ሂንድሄዴ፣ በባሕር እገዳ ምክንያት እህል ሲያጥር ለአሳማና ለከብት ይሰጥ የነበረው እህል ለሰው እንዲውል መከረ። በ1920 ባሳተመው ዘገባ እገዳው በጸናበት ዓመት በኮፐንሃገን የሞት መጠን በሲሶ ያህል መቀነሱን ገልጿል። እህል ተመጋቢዎች ይህን እንደ ድል ቆጠሩት። ነገር ግን በዚያው ጊዜ እህል ለመቆጠብ ሲባል አልኮልም እጅግ ተቀንሶ ስለነበር፣ ለውጤቱ ምክንያቱ የትኛው እንደሆነ ከዘገባው ብቻ መለየት አይቻልም።

የጉበት ድል

ክርክሩ ወደ እህል ተመጋቢዎች ባዘነበለበት በዚህ ጊዜ፣ ከቦስተን የመጣ ወሬ ሚዛኑን መልሶ ወደ ሥጋ አዘነበለ። የለንደኑ ሐኪም ቶማስ አዲሰን በ1849 አንድ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ በሽታ ገልጾ ነበር። በሽታው ቀስ እያለ ያጠናል፤ ታማሚው ይገረጣል፣ ምላሱ ይቆስላል፣ እጅና እግሩ ይደነዝዛል፣ በመጨረሻም ይሞታል። በ1872 አንቶን ቢርመር ገዳይነቱን የሚያመለክት ስም ሰጠው፤ እስከ ዛሬም ፐርኒሸስ አኒሚያ እየተባለ ይጠራል። ከ1926 በፊት ይህ በሽታ የተገኘበት ሰው ብዙ ጊዜ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞት ነበር።

ጆርጅ ዊፕል ደማቸው በተቀዳ ውሾች ላይ ባደረገው ምርምር ጉበት ደምን በፍጥነት እንደሚተካ አሳይቶ ነበር። ጆርጅ ማይኖትና ዊሊያም መርፊ ይህን መሠረት አድርገው 45 ታማሚዎችን በየቀኑ ብዙ ጉበት እንዲበሉ አደረጉ፤ በ1926 ውጤቱን ሲያሳውቁ ለሞት ተቃርበው የነበሩ ሰዎች ከአልጋቸው እየተነሡ ነበር። ማይኖት ራሱ የስኳር ታማሚ ሲሆን ሕይወቱን ያተረፈለት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የተገኘው ኢንሱሊን ነበር። ሦስቱ ሰዎች በ1934 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሥጋ ወዳጆች ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ሊፈልጉ አይችሉም ነበር፤ ገዳይ በሽታ በጉበት ዳነ።

ምርምሩ በጥልቀት ሲቀጥል ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልሆነም። ዊልያም ካስል የተባለ የቦስተን ወጣት ሐኪም ጤነኛ ሰው ለምን በየቀኑ ጉበት ሳይበላ ይኖራል ብሎ ጠየቀ። 300 ግራም ያልበሰለ ለማለት የሚቻል የበሬ ሥጋ በልቶ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከጨጓራው መልሶ በማውጣት ለታማሚዎች በቱቦ ሰጠ። ሥጋው ብቻውን ሲሰጥ ያልዳኑት ታማሚዎች፣ በጤነኛ ሰው ጨጓራ ውስጥ ያለፈው ሲሰጣቸው ዳኑ። የካስል ጥናት በ1929 ሲታተም ችግሩ ከገበታው ሳይሆን ከታማሚው ጨጓራ መሆኑ ተረጋገጠ። ታማሚው ሥጋ እየበላም ቢሆን ከሥጋው ውስጥ የሚፈለገውን ነገር ወደ ደሙ የሚያሻግርለት ፕሮቲን ጨጓራው አያመነጭም። ይህ ፕሮቲን ኢንትሪንሲክ ፋክተር ተባለ።

በተመሳሳይ ዘመን ሉሲ ዊልስ የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም በቦምቤይ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ እርጉዞች ላይ ተመሳሳይ የደም ሥዕል ያለው የደም ማነስ ታጠና ነበር። በ1931 እንዳሳወቀችው እነዚህ ሴቶች የዳኑት በርካሽ የእርሾ ውጤት ነው። ያዳናቸው ንጥረ ነገር በ1941 ከስፒናች ቅጠል ተለይቶ ሲወጣ ፎሊክ አሲድ ተባለ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የማይለያዩ ሁለት የደም ማነስ ዓይነቶች አሉ ማለት ነው፤ አንደኛው ከእንስሳት በሚገኝ ምግብ ይድናል፣ ሁለተኛው በቅጠልና በእርሾ።

ፎሊክ አሲድ በ1940ዎቹ አጋማሽ በፋብሪካ መመረት ሲጀምር ለፐርኒሸስ አኒሚያ ታማሚዎችም ተሰጠ፤ ደማቸውም ተስተካከለ። ደስታው ግን አልዘለቀም። ደማቸው የዳነላቸው ታማሚዎች ኅብለ ሰረሰራቸው እየተጎዳ መሄድ እያቃታቸው መጣ። የጎደለው ንጥረ ነገር ሌላ ነበር፤ ፎሊክ አሲድ የደሙን ምልክት ሸፍኖ የነርቩን ጉዳት እንዲገፋ አደረገ። ይህ ትምህርት በዋጋ የተገኘ በመሆኑ ሊዘነጋ አይገባውም።

ከሥጋም ከእህልም ያልሆነው

በ1948 በአሜሪካና በእንግሊዝ የሚገኙ ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች በጥቂት ወራት ልዩነት ከጉበት ውስጥ ቀይ ክሪስታል ለይተው አወጡ፤ ቫይታሚን ቢ12 ተብሎ ተሰየመ። ዶሮቲ ሆጅኪን በ1956 አወቃቀሩን በኤክስሬይ አጥንታ አሳወቀች፤ በ1964ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። በሞለኪውሉ መካከል ኮባልት የተባለ ማዕድን ይገኛል።

የኮባልት ነገር አንድ የቆየ የእረኞች ምስጢርም ፈታ። በአውስትራሊያ በአንዳንድ አካባቢዎች በጎች ለምለም ሣር እየጋጡ ከስተው ይሞቱ ነበር። በ1935 ሁለት የአውስትራሊያ ቡድኖች ምክንያቱ የአፈሩ ኮባልት ማነስ መሆኑን አሳወቁ፤ ለምን እንደሆነ የታወቀው ግን ከቢ12 ግኝት በኋላ ነው። ቫይታሚኑን የሚሠሩት በበጉ ሆድ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ባክቴሪያዎቹ ኮባልት ካጡ በጉ በሣር መካከል ቆሞ ይራባል።

እንስሳትም ሆኑ ተክሎች ቢ12 አይሠሩም። የሚያመሰኩ እንስሳት በሆዳቸው ውስጥ ካሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ያገኙትን በጉበታቸው፣ በሥጋቸውና በወተታቸው ያከማቻሉ። በሰው ትልቁ አንጀት ውስጥም ቫይታሚኑን የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ይሁንና ቫይታሚኑ ወደ ደም የሚገባው ከዚያ በፊት ባለው የትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ በመሆኑ ለባለቤቱ አይጠቅሙም። ዛሬ በመርፌና በኪኒን የሚሰጠው ቢ12 ያለ እንስሳ፣ በፋብሪካ ጋን ውስጥ በሚራቡ ባክቴሪያዎች ይመረታል። የጉበቱ ድል እንግዲህ በእውነቱ የባክቴሪያዎች ድል ነበር።

በገበታው ያልተቀመጠው ሕፃን

በ1944 በእንግሊዝ ዶናልድ ዋትሰንና ጓደኞቹ ከሥጋ አልፈው ወተትና እንቁላልም የማይበሉ ሰዎችን ማኅበር ሲመሠርቱ ቢ12 ገና አልተገኘም ነበር። በ1955 በዚያው አገር የወጣ ጥናት፣ ለዓመታት በዚህ አመጋገብ ከኖሩት አንዳንዶቹ የቢ12 እጥረት ምልክቶች እንደታዩባቸው አሳወቀ። እጥረቱ ቶሎ አይታይም፤ የአዋቂ ሰው ጉበት የሚያከማቸው ቢ12 ለዓመታት ይበቃል፣ የቀን ፍላጎቱም 2.4 ማይክሮግራም ገደማ ብቻ ነው። ሰውየው ብርቱ ነኝ ብሎ ሲመሰክር መጋዘኑ ቀስ እያለ ይራቆታል።

ሕፃን ግን መጋዘን የለውም። በ1978 ከካሊፎርኒያ የወጣ አንድ የሕክምና ዘገባ ጡት ብቻ ስለሚጠባ የስድስት ወር ሕፃን ይናገራል። እናቱ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ከተወች ዓመታት አልፈዋል። ሕፃኑ በብርቱ ደም ማነስ ተይዞ ራሱን ስቶ ወደ ሆስፒታል መጣ፤ ቢ12 በመርፌ ሲሰጠው ነቃ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ እናቲቱ ራሷ ይህ ነው የሚባል ሕመም ላይሰማት ይችላል። የሁለቱ ጎራዎች ክርክር በአዋቂዎች መካከል የተካሄደ ነበር፤ ዋጋውን ግን ሊከራከር የማይችል ሕፃን ከፈለ።

የኬንያ ትምህርት ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። ከ1998 እስከ 2000 በኤምቡ አካባቢ በ12 ትምህርት ቤቶች በተደረገ ጥናት፣ ለተማሪዎች ጊቴሪ የተባለው የበቆሎና የባቄላ ዓይነት ቅቅል ከሥጋ፣ ከወተት ወይም ከዘይት ጋር እየተዘጋጀ ተሰጠ። ሥጋ የተጨመረላቸው ልጆች በጡንቻ ዕድገትና በአእምሮ ብቃት መለኪያ ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ፤ ሥጋ ወይም ወተት ያገኙት የቢ12 መጠናቸው ተሻሻለ። በ2005 ከጥናቱ ተመራማሪዎች አንዷ ሊንድሲ አለን፣ ልጆችን ከእንስሳት ተዋጽኦ ሙሉ በሙሉ ከልክሎ ማሳደግ ከሥነ ምግባር ውጭ ነው የሚል አስተያየት በመስጠቷ ብርቱ ሙግት ተነሣ። ተቃዋሚዎቿ፣ በድህነት ምክንያት በቆሎና ባቄላ ብቻ የሚበላን ልጅ ቫይታሚን ከተጨመረበት ልዩ ልዩ ምግብ ከሚያገኝ የአውሮፓ ልጅ ጋር ማወዳደር አይገባም አሉ። ሁለቱም አባባሎች እውነት ነበረባቸው።

የሥጋ ወገንም ያለ ዕዳ አልቀረም። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም፣ በጨው፣ በጢስና በመሳሰለው የተዘጋጀ ሥጋን ካንሰር አምጪ ከሚባሉት የመጀመሪያ ምድብ መደበ፤ በየቀኑ 50 ግራም መብላት የትልቁ አንጀት ካንሰር ሥጋትን በ18 በመቶ ያህል እንደሚጨምርም ገለጸ። ተራ ቀይ ሥጋን ደግሞ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ በሚገመተው ምድብ አስቀመጠ። ስለ እህልና አትክልት አመጋገብም ሙያዊ ማኅበራት ተለያይተዋል። የአሜሪካ የአመጋገብ ባለሙያዎች ማኅበር በ2009 በሚገባ ከታቀደ ለእርጉዞችም ለሕፃናትም ይሆናል ሲል፣ የጀርመን የሥነ ምግብ ማኅበር በ2016 ከእንስሳት ተዋጽኦ ፈጽሞ መከልከልን ለእርጉዞች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ለልጆች አልመከረም፤ በ2024 አቋሙን አለዝቧል። ሁለቱም ግን ቢ12 በኪኒን ወይም በበለጸገ ምግብ መወሰድ እንዳለበት ተስማምተዋል።

ጾምና ማጣት

ክርክሩ በኢትዮጵያ የተለየ መልክ አለው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የጸኑ ምእመናን 55 ቀን የሚቆየውን ዓቢይ ጾም፣ ረቡዕንና ዓርብን ጨምሮ በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይከለከላሉ። ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ፎሊክ አሲድ በብዛት ይሰጣሉ፤ የእንጀራው መቡካትም የብረትን መመጠጥ የሚያግደውን ፋይቴት ይቀንሳል። የስዊድኑ ይንግቨ ሆፍቫንደር በ1968 ባሳተመው ጥናት በጤፍ ውስጥ ከሚገኘው ከፍተኛ የብረት መጠን ብዙው በአውድማ ላይ ከአፈር የሚቀላቀል መሆኑን አሳይቷል። ይህም ሆኖ በ1976 የወጣ ሌላ ጥናት የእርግዝና ደም ማነስ በኢትዮጵያ ብርቅ መሆኑን ዘገበ። በዓል ሲመጣ ደግሞ ሥጋው፣ ቅቤውና አይቡ ይመለሳሉ። ጉበት ቢ12ን ለዓመታት ስለሚያከማች፣ ጾምና ፍስክ የሚፈራረቁበት ሥርዓት ለጤነኛ አዋቂ መጋዘኑን የሚሞላበት ጊዜ ይሰጠዋል። ሥጋም በበኩሉ ያለ ዕዳ አልመጣም፤ በጥሬ ሥጋ የሚተላለፈውን ትል ለማስወጣት ኮሶ መጠጣት ለዘመናት የቤተሰብ ልማድ ሆኖ ኖሯል።

አደጋው የሚመጣው ፍስኩ ሲጠፋ ነው። ለድሃ ቤተሰብ ጾሙ ሲፈታም ገበታው አይለወጥም፤ ከሃይማኖት የመጣው ጾም ያበቃል፣ ከማጣት የመጣው ይቀጥላል። በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 57 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው፣ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ደግሞ ዝቅተኛውን ተቀባይ የአመጋገብ መስፈርት ያሟሉት 7 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። ሕፃናት በጾም ሕግ ባይገደዱም፣ ለቤተሰቡ የጾም ወጥ በሚሠራበት ድስት ለሕፃኑ እንቁላል መቀቀል የሚከብዳቸው እናቶች አሉ። እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶችም ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው ጾሙን ማቅለል እየቻሉ ብዙዎቹ ይጾማሉ።

ለጤና ባለሙያው የቀረው ጥያቄ

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች ለዕለት ሥራ ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው፣ ሥጋ መብላት ከቢ12 እጥረት ዋስትና አለመሆኑ ነው። የካስል ታማሚዎች ሥጋ እየበሉ ይሞቱ ነበር፤ ዛሬም የጨጓራ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ በዕድሜ የገፋ ወይም ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰው ገበታው ሙሉ ሆኖ ሊጎድልበት ይችላል። ሁለተኛው፣ በፎሊክ አሲድ የበለጸገ አመጋገብ ያለው ሰው ደሙ ደኅና ሆኖ ነርቩ ሊታመም መቻሉ ነው። የእግር መደንዘዝ፣ የአረማመድ መንገዳገድ ወይም የማስታወስ ችግር ይዞ የመጣን ታማሚ ሄሞግሎቢኑ ደኅና ነው ብሎ መመለስ የ1940ዎቹን ስሕተት መድገም ይሆናል። ሦስተኛው፣ በጡት ወተት የሚያድግን ሕፃን አመጋገብ ለማወቅ እናቱ ምን እንደምትበላ መጠየቅ ማስፈለጉ ነው።

ሥጋ የማትበላን እናት ስለ እምነቷ ወይም ስለ አቋሟ መሟገት የጤና ባለሙያ ተግባር አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ጥያቄዋን ይዛ እንዳትመለስ ያደርጋታል። ምን ያህል ጊዜ ከእንስሳት ተዋጽኦ እንደተለየች፣ በፍስክ ወራት በእርግጥ ምን እንደምታገኝ፣ ልጇ ከስድስት ወር በኋላ ምን እንደተጀመረለት ረጋ ብሎ መጠየቅ ግን ተግባሩ ነው። እንቁላልና ወተት የሚቻል ከሆነ ለሕፃኑ ማሳሰብ፣ የማይቻል ከሆነም በርካሹ ኪኒን ወይም መርፌ መተካት ይገባል። ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈው ክርክር በምርመራ ክፍል ውስጥ አይዘጋም፤ የአንዲት እናትና የአንድ ሕፃን ጉድለት ግን በጥቂት ጥያቄዎች ሊታወቅና በጥቂት ማይክሮግራም ሊሞላ ይችላል።